ጸጉር ቤቶች በጸጉር ዓይነት ዋጋ መለየት ይገባቸዋል? ለአንዲት ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂዋ የሚኖሩት በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከአንዲት ጓደኛቸው ጋር ወደ አንድ ጸጉር ቤት ሄደው ሁለቱም አጠባና ፎን አዘዙ። በዋጋ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው 65 ዶላር ነበር። ጓደኛቸው እስከ ወገብ የሚወርድ ሉጫ ጸጉር ያላቸው ናቸው፤ የተጻፈውን ከፍለው ወጡ። የጠያቂዋ ጸጉር ግን ትከሻ ላይ የሚቀር ጥቅልል ነው፤ ከታጠቡ በኋላ ራሳቸው በፎጣ ተጠቅልሎ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ «የጸጉር ዓይነት ጭማሪ» በሚል 35 ዶላር ተጨመረባቸው። አዲስ አበባ ሳሉም «ጸጉርሽ ከባድ ነው፤ ትጨምሪያለሽ» ይባሉ እንደነበር አስታውሰው፣ ይህ አሠራር ትክክል ነው ወይ ሲሉ ጠይቀዋል።

ውድ ጠያቂ፣ ጸጉር ቤት ሥራው የወሰደበትን ጊዜ፣ ያወጣውን ቁሳቁስና የባለሙያውን ችሎታ ማስከፈል መብቱ ነው፤ ለጸጉሩ ዓይነት ስም ግን ዋጋ ሊያወጣለት አይገባም። ሁለቱ ላይ ላዩን ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፤ ብዙ የሙያ ባልደረቦቼም አንድ ናቸው ብለው ከልባቸው ያምናሉ። እኔ ግን ከሃያ ዓመት በላይ፣ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ኋላም እዚሁ በዋሽንግተን አካባቢ ጸጉር ስሠራና ጀማሪዎችን ሳሠለጥን ያየሁት ሁለቱ በየቀኑ ሲለያዩ ነው፤ በተለያዩ ቁጥር የሚጎዳውም ሁልጊዜ አንድ ወገን ነው።

«ከባድ ጸጉር» የሚለው አነጋገር ቢመረመር ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል የጠቀለለ ሆኖ ይገኛል። አንደኛው ብዛት ነው፤ በተወሰነ የራስ ቆዳ ስፋት ላይ ስንት ዘለላ በቅሏል የሚለው ማለት ነው። ሌላው የእያንዳንዱ ዘለላ ውፍረት ነው። ሦስተኛው ቅርጽ ሲሆን፣ ይህም በአብዛኛው ጸጉሩ ከሚበቅልበት ከረጢት ይመጣል፤ ከረጢቱ ቀጥ ያለና ክብ ሲሆን ሉጫ፣ ጎበጥ ያለና ሞላላ ሲሆን ጥቅልል ጸጉር ይወጣል። አራተኛው ርዝመት ነው። እነዚህ አራቱ ተያይዘው የሚሄዱ አይደሉም። እንዲያውም ብዙ ሰው የማይጠብቀው፣ አፍሪካዊ ዝርያ ባላቸውና በአውሮፓውያን ራስ ላይ የተደረጉ ልኬቶች ሲነጻጸሩ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚገኘው የዘለላ ብዛት በአማካይ የሚያንሰው በአፍሪካውያኑ መሆኑ ነው። ጥቅልል ጸጉር ብዙ መስሎ የሚታየው እያንዳንዱ ዘለላ ተጠምዝዞ አየር ይዞ ስለሚቆም ነው። ሲረጥብ ትከሻ የሚነካው ሲደርቅ ተሰብስቦ ጆሮ ላይ ሊቀር ይችላል። በዓይን ብቻ አይቶ «ይህ ብዙ ሥራ ነው» የሚል ባለሙያ እንግዲህ ያየው ቅርጹን እንጂ መጠኑን አይደለም።

ዛሬ ብዙ ጸጉር ቤቶች የሚጠቅሱት ከ1 እስከ 4 ያለው ምድብም ይህንኑ ስሕተት ይደግማል። ምድቡን በ1990ዎቹ ያስተዋወቀው የኦፕራ ዊንፍሬይ ጸጉር ሠሪ የነበረው አንድሬ ዎከር ሲሆን፣ 1 ሉጫውን፣ 4 ደግሞ እጅግ የተጠቀለለውን ያመለክታል። ሰው ለጸጉሩ ተስማሚ እንክብካቤ እንዲመርጥ ይረዳ ይሆናል፤ ነገር ግን ስለ ብዛትም ሆነ ስለ ርዝመት፣ ጸጉሩ ቀለም ተቀብቶ መጎዳት አለመጎዳቱንም ሆነ ለሦስት ሳምንት ሳይፈታ መቆየት አለመቆየቱን አይነግረንም። በእኛ አገር ሰዎች ላይ ደግሞ ምድቡ ጨርሶ ግራ ይጋባል። የአንድ እናት ልጆች ሆነው አንዷ ዞማ፣ አንዷ ጥብቅ ጥቅልል ይኖራታል፤ በአንድ ራስ ላይ እንኳ ግንባሩ አካባቢ ለስላሳ፣ ማጅራቱ ጋ ድርቅ ያለ ጸጉር ያላቸው ደንበኞች በየሳምንቱ ይመጡልኛል። እንዲህ ያለችው ሴት የምትከፍለው በግንባሯ ነው ወይስ በማጅራቷ?

አሁን ወደ እርስዎና ወደ ጓደኛዎ ልመለስ። እስከ ወገብ የሚደርስ ሉጫ ጸጉር በብዙ ሻምፖ ይታጠባል፣ ብዙ ውኃ ይይዛል፣ በፎን ሲደርቅም እያንዳንዱ ክፍል ከሥር እስከ ጫፍ በብሩሽ ተስቦ መውረድ አለበት። ትከሻ ላይ የሚቀር ጥቅልል ጸጉር ደግሞ ጊዜ የሚወስደው አፈታቱ ነው፤ ኮንዲሽነር በደንብ ጠጥቶ፣ ገና እርጥብ ሳለ፣ ስድስት ወይም ስምንት ቦታ ተከፍሎ፣ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር ሰፊ ጥርስ ባለው ማበጠሪያ መፈታት ይኖርበታል። አፈታቱ በሥርዓት ከተሠራ ፎኑ አጭር ነው። በእኔ ወንበር ላይ ሁለቱን የመሰሉ ጸጉሮች ሲቀመጡ የጊዜ ልዩነታቸው ብዙውን ጊዜ አሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ የሚረዝመውም አንዳንዴ የሉጫው፣ አንዳንዴ የጥቅልሉ ይሆናል። ስለዚህ ጓደኛዎ በመነሻው ዋጋ ሲስተናገዱ እርስዎ ከእርሱ ከግማሽ በላይ የሆነ ጭማሪ መጠየቅዎ በጊዜ ልዩነት ብቻ የሚገለጽ ሆኖ አላገኘሁትም። ጊዜ እየተቆጠረ ቢሆን ኖሮ ወገብ ድረስ ለሚወርደው ጸጉርም የርዝመት ጭማሪ ይጻፍ ነበር። አንድ ጭማሪ ለሥራው መሆኑን የማውቅበት ቀላል መንገድ አለኝ፦ ምክንያቱ በሌላው ጸጉር ላይ ሲገኝም ዋጋው ይጨምራል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ካልጨመረ የተከፈለው ለሥራው አይደለም።

«እኛ ግን በእርግጥ ሁለት ሰዓት ይፈጅብናል» የሚሉ ጸጉር ቤቶች አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ይፈጅባቸዋል። ሆኖም ያ ሁለት ሰዓት ከየት እንደመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። በሜሪላንድ የኮስሞቶሎጂ ፈቃድ ለማግኘት በትምህርት ቤት በኩል የሚመጣ ሰው 1,500 ሰዓት መማር አለበት። እኔ እዚህ አገር መጥቼ ያንን ሰዓት ስጨርስ የተለማመድኩባቸው የአሻንጉሊት ራሶች በሙሉ ሉጫ ጸጉር የተተከለባቸው ነበሩ። ጥቅልል ጸጉር መፍታት፣ ሳይሰባብሩ ማድረቅ፣ ቅርጹን ሳያጠፉ መቁረጥ እንዴት እንደሆነ ያየሁበት አንድም ሙሉ የትምህርት ቀን ትዝ አይለኝም። አብረውኝ የተማሩት ያንን ያህል ሰዓት ቆጥረው፣ ፈቃድ ይዘው ሲወጡ የራሳቸውን ከተማ ግማሽ ነዋሪ ጸጉር መንካት የሚፈሩ ነበሩ። እነርሱን አልወቅስም፤ ያልተማሩትን ከየት ያመጣሉ? ነገር ግን ባለሙያው ያልሠለጠነበትን ሥራ በሁለት ሰዓት ሲጨርሰው፣ የሠለጠነው በአንድ ሰዓት ከሩብ የሚጨርሰው ከሆነ፣ ቀሪው አርባ አምስት ደቂቃ የደንበኛዋ ጸጉር ያመጣው ሳይሆን የትምህርቱ ጉድለት ያመጣው ነው። ያንን ጉድለት ደንበኛዋ በየወሩ ከኪሷ እንድትሸፍን ማድረግ ፍትሐዊ አይደለም፤ በዚያ ላይ ጸጉሯ እየተጎተተና እየተሰበረ ነው የምትከፍለው።

ይህ ጉድለት እንዳለ ዘርፉ ራሱ እያመነ መጥቷል። የኒው ዮርክ ግዛት በ2023 ባወጣው ሕግ የኮስሞቶሎጂ ትምህርት ቤቶች ሁሉንም የጸጉር ዓይነት እንዲያስተምሩ አዝዟል። በብሪታንያም በ2021 የጸጉር ሥራ ብሔራዊ የሙያ ደረጃ ሲሻሻል አፍሪካዊና ጥቅልል ጸጉር የሥልጠናው አካል ሆኗል። ውጤቱ በየወንበሩ እስኪደርስ ዓመታት መውሰዱ አይቀርም። እስከዚያው አንድ ጸጉር ቤት «ይህን ጸጉር በደንብ የሚሠራ ባለሙያ የለንም» ብሎ በቅድሚያ ቢናገር፣ አስከፍሎ ከሚያበላሽ ይልቅ አከብረዋለሁ።

ለሁሉም አንድ ዋጋ ይሁን የሚሉ ወዳጆችም አሉኝ፤ አሳባቸው ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም በዚህ አልስማማም። ምክንያቱን ያየሁት አዲስ አበባ ነው። እዚያ ብዙ ጸጉር ሠሪዎች በፐርሰንት ነው የሚሠሩት፤ ደንበኛዋ ከከፈለችው ላይ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ቅዳሜ ቀን የጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሁሉ ተይዞ፣ ወረፋው በር ላይ ደርሶ ሳለ፣ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ራስና አርባ ደቂቃ የሚፈጅ ራስ እኩል የሚከፍሉ ከሆነ ሠራተኛዋ የትኛውን እንደምትመርጥ መገመት አያዳግትም። ፊት ለፊት እምቢ የሚል የለም። «ዛሬ ሞልቷል»፣ «እሷ እስክትመጣ ጠብቂ»፣ «ሰኞ ብትመጪ ይሻላል» ይባላል። ብዙና ድርቅ ያለ ጸጉር ያላት ሴት በዋጋ ያልተለየችውን በወረፋ ትለያለች፤ ያ ደግሞ በደረሰኝ ላይ ስለማይጻፍ ልትከራከርበትም አትችልም። ጊዜው በትክክል ተቆጥሮ ሲከፈል ግን ሠራተኛዋ ረጅሙን ሥራ የምትሸሽበት ምክንያት አይኖራትም። በዚህ ምክንያት የጊዜ ዋጋ ጸጉሯ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀውን ሴት ራሷን ይጠብቃታል ብዬ አምናለሁ።

ይህን የሥራ ዋጋ አሠራር ከሩቅ አገር መማር አያስፈልገንም፤ የእኛ ሹሩባ ሠሪዎች ሲሠሩበት ኖረዋል። ሹሩባ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ደቃቅ ነው ወፍራም?» ተብሎ ነው፤ ቀጥሎ ዲዛይኑ፣ ከዚያም ዊግ የሚገባበት እንደሆነና ስንት እሽግ እንደሚፈጅ ይነገራል። ዋጋው የሚወጣው ለጣቶቹ ድካም ነው። በሹሩባ ላይ ደግሞ ችግሩ የሚገለበጠው ወደ ሉጫው በኩል መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ለስላሳ ጸጉር ከጣት ያመልጣል፣ ጫፉ ይፈታል፣ ሥሩ ላይ ለመያዝ ቅባት ይፈልጋል፤ ጥቅልሉ ግን የተጎነጎነበት ይቆያል። በጸጉር መተኮሻው በፒያስትራ ሥር «ከባድ» የተባለው ጸጉር በሹሩባ ሠሪዋ እጅ ቀላል ሆኖ ይገኛል። አስቸጋሪነት በጸጉሩና በሚፈለገው ሥራ መካከል ያለ ግንኙነት ነው፤ ጸጉሩ ብቻውን የሚሸከመው ባሕርይ አይደለም። ሉጫ ጸጉር በቢጎዲን ተጠቅልሎ እንዲቆም የሚፈልጉ ደንበኞችም ለዚህ ምስክር ናቸው፤ ስንት ስፕሬይ ተነፍቶለት ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይወርዳል።

ጸጉር ቤት ላላቸው አንባቢዎች ስሌቱን በምሳሌ ላሳይ። የአንድ ወር ኪራይ፣ መብራት፣ ውኃ፣ ደመወዝና ግብር ተደምሮ ወንበሮቹ በትክክል ለሚሠሩበት ሰዓት ሲካፈል የአንድ ወንበር የሰዓት ወጪ ይገኛል። ይህ 40 ዶላር ነው እንበል፤ ትርፍ ሲታከልበት ደግሞ 60 ዶላር ይሁን። እንግዲህ አጠባና ፎን ለአንድ ሰዓት 60 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ለሚወስድ እያንዳንዱ ሩብ ሰዓት 15 ዶላር ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ኮንዲሽነርና ትሪትመንት ከተለመደው መጠን በላይ ሲወጣ የወጣው ብቻ ይታሰባል። ይህ ሠንጠረዥ የማንንም ጸጉር በስም አይጠራም፤ እስከ ወገብ የሚደርሰውን ሉጫም፣ ብዙውን ጥቅልልም፣ ቀለም የበላውንም እኩል ይመለከታል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፦ ሩብ ሰዓቱ የሚቆጠረው በሠለጠነ ባለሙያ ፍጥነት መሆን አለበት። ጀማሪ ስትሠራው የወሰደባት ተጨማሪ ጊዜ የቤቱ የሥልጠና ወጪ ነው። በእኔ ቤት ጀማሪዎች ከላይ በጠቀስኩት መንገድ ጸጉር መፍታትን እስኪለምዱ ድረስ ሰዓታቸውን ለደንበኛ አልቆጥርም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ኪሴን ጎድቶኛል፣ ዛሬ ግን ከማንም የማይዘገዩ እጆች አሉኝ።

ውድ ጠያቂ፣ ጭማሪውን የተጠየቁበት ሰዓት ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ያሳስበኛል። ጸጉር ከታጠበ በኋላ ደንበኛ ተነሥታ መሄድ አትችልም፤ ራሷ እርጥብ ነው፣ የተቋጠረው አልተፈታም፣ ሰዎች እያዩ ነው። በዚያች ደቂቃ የሚነገር ዋጋ ድርድር የለበትም። ጸጉር የሚመረመረው ደረቅ ሳለ፣ ከመታጠቢያው በፊት ነው፤ ጣት ሥሩ ድረስ ገብቶ ብዛቱን፣ ዘለላ ተስቦ ርዝመቱን፣ ማጅራት ታይቶ ቋጠሮውን ለማወቅ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ጠቅላላው ዋጋ ይነገራል፤ ደንበኛዋም ትቀመጣለች ወይም ታመሰግናለች፣ ትሄዳለች። በኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዘዘው ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ጭምር ነው። ይኸው አዋጅ ሸማች በትሕትናና በክብር የመስተናገድ፣ ከስድብም የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። «ከርዳዳ ስለሆነ ነው» የሚለው ቃል በጸጉር ቤት ውስጥ የዋጋ ማብራሪያ ሆኖ ሲነገር ለብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ የሚሰሙት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእናታቸው ጋር የመጡ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች ናቸው። ያች ልጅ ያንን ዕለት የምትማረው የራሷ ጸጉር ከእኅቷ ጸጉር የበለጠ ዕዳ እንዳለበት ነው። አድገው ወንበሬ ላይ ሲቀመጡ ገና አንድም ነገር ሳልናገር «ይቅርታ፣ ጸጉሬ ያስቸግራል» የሚሉኝ ሴቶች ስንት እንደሆኑ ብነግርዎት ያዝናሉ።

ስለ ሕጉ የምናገረው እንደ ጸጉር ባለሙያ እንጂ እንደ ጠበቃ አይደለም። እርስዎ የሚኖሩበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2019 «ክራውን» በመባል የሚታወቀውን ሕግ አጽድቋል፤ ሜሪላንድም በግዛት ደረጃ በ2020 ተከትሏል። እነዚህ ሕጎች የዘር መድልዎ ክልከላ ከዘር ጋር የተያያዘ የጸጉር ባሕርይን እንዲጨምር ያደርጋሉ፤ የካውንቲው ሕግ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ አገልግሎት መስጫዎችንም ይመለከታል፣ አቤቱታውም ለካውንቲው የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። በአጎራባቹ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ1977 የወጣው የሰብአዊ መብቶች ሕግ የጸጉር አያያዝን ጨምሮ በሰው መልክ ላይ የተመሠረተ መድልዎን ይከለክላል። ዋናው ዓላማቸው ሥራ፣ ትምህርትና መስተንግዶ ነው፤ ስለ ጸጉር ቤት የዋጋ ሠንጠረዥ ተብለው የተጻፉ አይደሉም። ለእኔ ይበልጥ የሚያስተምረው ካሊፎርኒያ በ1995 በጾታ ላይ ስለተመሠረተ ዋጋ ያወጣችው ሕግ ነው። ሴት በመሆኗ ብቻ ለተመሳሳይ አገልግሎት የበለጠ ማስከፈልን ይከለክላል፤ ነገር ግን ሥራው በሚጠይቀው ጊዜ፣ አስቸጋሪነት ወይም ወጪ ምክንያት ዋጋ መለየትን ይፈቅዳል፤ ጸጉር ቤቶችም የተለመዱ አገልግሎቶቻቸውን ዋጋ በጽሑፍ እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ሕግ አውጪዎቹ ያንን መስመር ያሰመሩት በወንድና በሴት መካከል ቢሆንም፣ በጸጉር ዓይነቶች መካከልም ከዚያ የተሻለ መስመር አላየሁም።

እንግዲህ ለሚቀጥለው ቀጠሮዎ፣ ስልክ ሲደውሉ ስለ ጸጉርዎ ዓይነት ከመናገር ይልቅ ስለ ሥራው ይጠይቁ፦ ትከሻ የሚደርስ፣ ያልተፈታ ጸጉር አጥቦና ፈትቶ ለማድረቅ ስንት ደቂቃ ይፈጅባችኋል? ከዚያ በላይ ቢሄድ ጭማሪው እንዴት ይሰላል? ይህን ጸጉር አዘውትሮ የሚሠራው ማን ነው? ሦስተኛውን ጥያቄ ያለማመንታት፣ በስም የሚመልስልዎት ቤት ብዙውን ጊዜ ደህና ቤት ነው። የተከፈለውን 35 ዶላር በተመለከተ፣ ለባለቤቱ በጽሑፍ ቢያቀርቡት መልካም ነው፤ በዕለቱ የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት፣ የጓደኛዎንም እንዲሁ ጽፈው፣ ጭማሪው ለምን ያህል ደቂቃ እንደተከፈለ እንዲያብራሩልዎት ይጠይቁ። ሰዓቱን ቆጥሮ የሚያሳይ መልስ ከሰጡዎት ክፍያው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ጸጉርዎ ብቻ የሚናገር መልስ ከሆነ ግን ገንዘቡን የመመለስ ግዴታ አለባቸው ብዬ አምናለሁ፣ ይህንኑም ደብዳቤ ለሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤቱ ሊያያይዙት ይችላሉ።